ወሎ በቀን መቁጠሪያ

ደሴ፣ ጥቅምት

«ወሎን ለማየት ስንት ቀን ይበቃል?» ይላል እንግዳ ሁሉ። ከዚያ በፊት መጠየቅ የነበረበት «የትኛው ቀን?» ነው። ባቲ ማክሰኞ የደረሰ ሰው ባዶ የገበያ ሜዳ ያያል። ግሸን በጥር የወጣ አምባውን እንጂ ሕዝቡን አያገኝም። ላሊበላን በሐምሌ ያየ ደግሞ በጭቃና በጉም መሀል ድንጋይ ዳስሶ ይመለሳል። ወሎ ካርታ ላይ ትልቅ ነው፤ የሚከፈተው ግን በቀኑ ነው።

በነገራችን ላይ፣ የቱ ወሎ? የቀድሞው ክፍለ ሀገር ከላስታ ብርድ እስከ አፋር ቆላ ይደርስ ነበር። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. የተገኘችበት ሐዳር ያኔ የሚቆጠረው ከወሎ ነው። ዛሬ ሰሜን ወሎ፣ ደቡብ ወሎ፣ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንና ዋግ ኽምራ ተብሎ ተከፍሏል። ከዚያም በፊት ቤተ አምሐራ፣ አንጎት፣ ላስታ የሚባሉ ስሞች ነበሩ፤ «ወሎ» የሚለው ስም የተተከለው ኦሮሞዎች ከሰፈሩ በኋላ ነው። የአካባቢ ስሞች ይህንን እስካሁን ይናገራሉ፦ ወረ ኢሉ፣ ወረ ባቦ፣ ወረ ሂማኖ።

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመኪና ሙሉ ቀን ይወስዳል። ጠዋት ጣርማ በር ላይ፣ ጣሊያን በቆፈረው ዋሻ አፍ፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከዚያ ቁልቁል ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ጃኬት ይወልቃል። ከሚሴ ላይ ላብ ነው። ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥታችሁ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ደሴ ስትገቡ ደግሞ ጋቢ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ልብሱን በሙሉ ሻንጣ ውስጥ አድርጎ ጣሪያ ላይ በማሳሰሩ ነው። ጋቢው ከእጅ አይራቅ። ሐረጎ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው ተብሎ መናቅም አይገባም፤ የጭነት መኪና ከፊት ከገባ ጉዞው በእሱ ፍጥነት ነው፣ ማታ ደግሞ ጉም ይወርዳል። ከሁሉ በፊት ግን መንገዱ በዚያ ሳምንት ክፍት መሆኑን ከመናኸሪያ ሹፌሮች ማረጋገጥ ነው፤ ያለፈው ወር ወሬ አይሠራም።

ሰኞ የባቲ ነው። እሑድ ማታ ኮምቦልቻ ማደር ይሻላል፤ ከዚያ ባቲ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል የተነሣ ገበያው ሲሞላ ይደርሳል፤ ከ7 ሰዓት በኋላ የደረሰ የሚያገኘው ሲበተን ነው። ባቲ የደጋውና የቆላው በር ናት። አፋሩ ግመል፣ ፍየልና ጨው ይዞ ይወጣል፤ ደገኛው እህልና ቅቤ ይዞ ይወርዳል፤ የአካባቢው ኦሮሞ ደግሞ ባለቤቱ ነው፣ ሁለቱንም በቋንቋቸው ያነጋግራል። የግመል ተራው ከእህል ተራው ተለይቶ ነው የሚቆመው። በመጀመሪያ ወደ ግመሉ ሂዱ፣ ቶሎ የሚያልቀው እሱ ነው። ካሜራ ከማውጣት በፊት ሰላምታ፣ ከሰላምታ በኋላ ፈቃድ፤ አፋር ሳይጠየቅ ፎቶ ከተነሣ ይቆጣል፣ እውነትም አለው። የሸመተ ሰው ከሻጭ ጋር እንዲከራከር ይጠበቃል፤ ሳይከራከር የከፈለ ግን ከእሱ በኋላ ለሚመጣው እንግዳ ዋጋ አስወድዶ ይሄዳል።

ስለ ባቲ ሲነሣ ሙዚቃው አይታለፍም። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች (ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ለኔ) ሁለቱ በቀጥታ የወሎ ቦታ ስም ናቸው። ሁሉም በአምስት ድምፅ ይቆማሉ፤ ልዩነቱ በድምፆቹ መሀል ያለው ርቀት ነው። ሙሉ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያደረገ ግማሽ ትዝታን ያገኛል፣ ሐዘኑም ወዲያው ይገባል። ክራር ያለው ይሞክረው፤ ሁለት ክር ብቻ ነው የሚላላው። አንድ ምሽት ከአዝማሪ ዘንድ የሚቀመጥ እንግዳ «አምባሰል ቃኝልኝ» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ጥያቄው ከሽልማት ይበልጥ ያስደስታል፤ ሽልማቱ ግን አይቀርም!

ደሴ ራሷ የበዓል ቀን አትጠብቅም። ስሟን ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እንዳወጡላት ይነገራል፤ ከተማ ያደረጓት ግን ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። ሚካኤል መሐመድ አሊ ነበሩ፤ በ1870 ዓ.ም. ከደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ ከተደረገው ጉባኤ በኋላ ተጠመቁ፣ ኋላም የልጅ ኢያሱ አባት ሆኑ፣ በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። ያሠሩት የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» ይባላል። ማንንም አይጠየፍም ማለት ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ባለማዕረጉም ተራው ሰውም ይገባበታል። ወሎ ስለ መቻቻል ብዙ የሚወደስ አገር ነው፤ ውዳሴው ሲበዛ ግን ሥራው ይሸፈናል። አብሮ መኖሩ በፍቅር ብቻ አልቆመም፣ በደንብ ነው የቆመው። ሠርግ ላይ ለሁለቱም ወገን ለየብቻ ይታረዳል፣ ድስቱም ይለያል። ከተማ ውስጥ ሥጋ ቤቱ የማን እንደሆነ ምልክቱን አንብቦ መግባት፣ ሰው ጋብዞ ከሆነም አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ይህ መራራቅ አይደለም፤ እንግዳው ያለ ስጋት እንዲበላ የተደረገ ነው።

ሌላው ቅሬ ነው፤ አዲስ አበባ ዕድር የሚለው። ቅሬ በሰፈር እንጂ በሃይማኖት አይከፈልም። ሰው ሲሞት አባሉ ሁሉ ይወጣል፣ የቀረ ይቀጣል። የቀጠራችሁት መሪ ጠዋት ካልመጣ ሳትቆጡ በፊት «ቅሬ ተጠርቶ ይሆን?» በሉ። ደም የፈሰሰበትን ጠብ የሚያበርዱት ደግሞ አበጋሮች ናቸው፤ እነሱ ግን ለጎብኚ የሚታዩ አይደሉም፣ መሆንም የለባቸውም።

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ያስተማሩበት ገዳም ነው። ሴት አይገባም፤ ባልና ሚስት የሆናችሁ ይህን አውቃችሁ ቀኑን አካፍሉት፣ አንዳችሁ ከሐይቁ ዳር ዓሣ እየበላችሁ ጠብቁ። ወደፊት ውጫሌ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል፣ ያ 17ኛው አንቀጽ፣ ከዚህ አካባቢ ነው የወጣው።

መስከረም 21 ግሸን ማርያም። አምባው የመስቀል ቅርጽ አለው፤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የመጣው ግማደ መስቀል በዚያ እንዳለ ይታመናል፤ ከዚያ በፊትም የነገሥታት ልጆች የሚታሰሩበት አምባ ነበር። ለንግሥ የሚሄድ ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድሞ ይነሣ። አቀበቱ የሚከብደው ቀጥ በማለቱ ብቻ አይደለም፤ ሕዝቡ በአንድ ጠባብ መንገድ ስለሚወጣ መቆም ይበዛል፣ ሲቆሙም ብርዱ ይገባል። መቋሚያ፣ ቆሎ፣ ውኃ፣ መብራት። ለሌሊቱ ወፍራም ነገር።

የመውሊድ ቀን ደግሞ በእኛ ዘመን አቆጣጠር አይያዝም። የሂጅራው ዓመት ወደ 11 ቀን ስለሚያጥር በየዓመቱ ወደ ኋላ ይመጣል፣ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ ይዞራል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሼህ መሐመድ ሻፊ ባቀኑት ጀማ ንጉሥ የሚከበረው በዓል አንዱ ዓመት በክረምት፣ ሌላው ዘመን በበጋ የሚውለው ለዚህ ነው። ክረምት ላይ ሲውል መኪናው ሳይሆን እግር ነው የሚያደርሰው። ድቤው፣ መንዙማው፣ ቡናው እስኪነጋ ይቀጥላል። እንግዳ ጫማ አውልቆ ጥግ ይቀመጥ፤ «ጀባ» ሲባል ይቀበል።

ከዚያ ላሊበላ። ከወልድያ በጋሸና በኩል ግማሽ ቀን የሚፈጅ መንገድ ነው፤ አየር ማረፊያም አለው። ብዙ ሰው በአንድ ጠዋት 11ዱንም ቤተ ክርስቲያናት «ይጨርሳል»፤ በዚያ ፍጥነት የሚታየው በርና ጨለማ ነው። ሁለት ቀን ስጡት። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ዮርዳኖስ ከተባለው ወንዝ ወዲህ ያለውን ምድብ፦ መድኃኔ ዓለም፣ ማርያም፣ መስቀል፣ ደናግል፣ እንዲሁም እንደ አንድ የሚቆጠሩት ጎልጎታና ሚካኤል። ጎልጎታ ለሴቶች ዝግ ነው። ከሰዓት በኋላ ለብቻው የቆመውን ጊዮርጊስን፣ ፀሐዩ ዘንበል ሲል። በማግስቱ አማኑኤል፣ መርቆሬዎስ፣ አባ ሊባኖስ፣ ገብርኤል ወሩፋኤልና ቤተ ልሔም። በዚህኛው ምድብ ውስጥ ሲኦል የሚባል የጨለማ መተላለፊያ አለ፤ መብራት አጥፍቶ ግድግዳውን በእጅ እየዳሰሱ ማለፍ ነው ደንቡ።

ስታዩ አሠራሩን ተከተሉ። ሕንጻው ከላይ ወደ ታች ነው የተፈለፈለው፤ መጀመሪያ ዙሪያው በቦይ ተቆፍሮ ድንጋዩ ለብቻው ተለየ፣ ከዚያ ውስጡ ተቦረቦረ። ስለዚህ ስሕተት አይታረምም፤ በስሕተት የተጠረበ ዓምድ የሚመለስበት መንገድ የለም። ጠላቱ ውኃ ነው። ድንጋዩ እሳተ ገሞራ የወለደው ለስላሳ ስለሆነ ዝናብ ይጠጣል፣ ይሰነጠቃል። በ2000 ዓ.ም. የተተከሉት ግዙፍ መጠለያዎች ለጊዜው ተብለው ነበር፤ ዓይን ያስቀይማሉ፣ ክብደታቸውም ሥጋት ሆኗል። ለማውለቅም ለመተውም የሚያስቸግሩ ናቸው። ቁንጫ አለ፤ ካልሲ ከሱሪ በላይ አድርጉ። ቅዳሜ ገበያው ነው።

ለገና የሚሄድ ታኅሣሥ 29ን ይያዝ፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን ልደት ታኅሣሥ 28 ስለሚውል ቀኑን ሳያረጋግጡ ቲኬት አይቆረጥም። ጠዋት በቤተ ማርያም ቤዛ ኩሉ ሲወረብ ካህናቱ ከላይ በማሜ ጋራ፣ ሌሎቹ ከታች ሆነው ነው። ቦታ ለማግኘት ከንጋት በፊት መቆም ያስፈልጋል። ነሐሴ 16 ደግሞ የሴት ልጆቹ ነው፦ በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ፣ በቆቦ ሶለል። ወገባቸው ላይ የሚያስሩት ለምለም ሣር ነው ለበዓሉ ስም የሰጠው፤ በየአካባቢው አጠራሩ ይለያል።

መቅደላ ቀን አይመርጥም፣ ጉልበት ነው የሚመርጠው። ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የሞቱበት አምባ ላይ ሴባስቶፖል መድፍ፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው፣ አሁንም ጋደም ብሎ አለ። በተንታ በኩል ይሄዳል፣ የመጨረሻው በእግር ወይም በበቅሎ።

ሲመለሱ ብዙዎች የደላንታ ኦፓል ይገዛሉ። ይህ ድንጋይ ውኃ ይጠጣል፤ ሲርስ ቀለሙ ጠፍቶ ብርጭቆ ይመስላል፣ ሲደርቅ በቀናት ይመለሳል። ስለዚህ ውኃ ውስጥ ያለውን አትግዙ፤ ደርቆ በፀሐይ ይታይ፣ ስንጥቁም የሚታየው ያኔ ነው። ከገዙ በኋላ ከሳሙና፣ ከዘይትና ከሽቶ ይራቅ፤ የጠጣውን ቅባት መልሶ አይተፋም።