ከከዚራ እስከ ሳቢያን

ሳቁ፣ ፈቅጃለሁ። የእህቴ ሰርግ ደርሷል ብዬ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ ኦርሊስታት የሚባል የክብደት መቀነሻ ክኒን ገዛሁ፣ ባለ 60 ሚሊግራሟን። ትናንት ክኒኗን ውጬ እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ስር አራት ሳምቡሳ በላሁ፣ ያው ክኒኑ አለ አይደል! ለካ ክኒኑ ከምንበላው ቅባት ሩብ ያህሉ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ነው የሚያግደው፣ የታገደው ደግሞ የትም አይቀርም፣ በታች ይወጣል፣ ያውም ሳያስጠነቅቅ። ዛሬ ባጃጅ ውስጥ ሳቢያን ሳልደርስ... ተዉት። «አቦ ፍጠን!» ስለው ልጁ ገብቶት ነው መሰለኝ ዞር ሳይል ነዳው። ቤት ገብቼ ሳነብ፣ ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬንም ይዞ ይወጣል። አምራቾቹ ራሳቸው መጀመሪያ ሰሞን ጥቁር ሱሪ ልበሱ፣ ቅያሪ ያዙ ብለው ይመክሩ ነበር። የኔ ነጭ ነበር። ስዘፈዝፈው እናቴ «ምን በልተህ ነው አንተ?» አለችኝ። ሳምቡሳ አልኳት።