ምንትዋብ የምትባል ታውቃላችሁ?

የእህቴ ልጅ ስሟ ምንትዋብ ነው። እዚህ ጅማ ሌላ ምንትዋብ እስካሁን አላጋጠመችኝም። መታወቂያ ልታወጣ ስትሄድ ጸሐፊው ቀና ብሎ እንኳን ሳያያት «ምንትዋል» ብሎ ሞላው፤ አስተካክል ስትለው ደግሞ «ይሄ ስም ነው ጥያቄ?» አላት።

አድናቆት ነው እንጂ! «ምን ትዋብ!» ማለት እኮ እንዴት ታምራለች ማለት ነው። ዓረፍተ ነገርን ስም ማድረግ ለእኛ ብርቅ አይደለም፤ ማንያዘዋል አለ፣ ዓለምነሽ አለች።

ስሙን ያስጠሩት የቋራዋ እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፣ የአፄ በካፋ ሚስት። ባላቸው እ.ኤ.አ. በ1730 ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ስለነበር ዘውድ ጭነው መንግሥቱን ራሳቸው ያዙት፤ ጎንደር ላይ ቁስቋምን ያሠሩትም እሳቸው ናቸው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥና ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነበር። ሰው አፍ ላይ የቀረው ግን መልካቸውን ያደነቀው ስም ነው። ያን ያህል አገር ገዝተው! ትንሽ ቅር ይለኛል።

ሰፈር ውስጥማ ሙሉውን የሚጠራት የለም። ቡና ባፈላች ቁጥር «ምንቱዬ፣ አቦሉ ደረሰ?» ነው።