ቅልብልቦሽ ለሒሳብ
5 ለስላሳ ጠጠሮች ይበቃሉ። አንዱ ወደ ላይ ይወረወራል፤ ተመልሶ እስኪቀለብ መሬት ያሉት 4ቱ ይለቀማሉ፦ መጀመሪያ አንድ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለት፣ ከዚያ ሦስትና አንድ፣ በመጨረሻ አራቱም ባንዴ። ልጁ 4ን በእጁ እየከፋፈለ ነው፤ ከዚህ የተሻለ የመደመር መግቢያ ማግኘት ይከብዳል።

ለትንንሾቹ መወርወሩ ይቅር። ዓይናቸው ጠጠሩን ሲከተል ቁጥሩ ይጠፋቸዋልና ዝም ብለው ይልቀሙ። (ጠጠር አፉ ውስጥ ለሚከት ሕፃን ግን ጨዋታው አይሆንም።)

“መሬት ላይ ስንት ቀረ?” ሲባሉ ብዙዎቹ የሚወረወረውንም ይቆጥራሉ። እሱን በቀለም ለዩት።

4 ሲለመድ መሬት ላይ 6 አድርጉ። በሁለት በሁለትም፣ በሦስት በሦስትም ያልቃል፤ አራት ሲነሳ 2 ይተርፋል። መልሱን አትንገሩት፤ ከመልቀሙ በፊት “የሚተርፍ አለ?” ብላችሁ ጠይቁት፣ ግምቱን ይናገር፣ ከዚያ ለቅሞ ይየው።