የህዳር ሚካኤል ማግስት፦ በሠላሳ ምናምን ዓመቴ የልደት ካርድ ሳወጣ

እናቴን ልጅሽ መቼ ተወለደች ብላችሁ ብትጠይቋት ቁጥር አትነግራችሁም። «የህዳር ሚካኤል ማግስት ነው። ሆዴ ገፍቶ ንግሡ አመለጠኝ፣ በማግስቱ እሷ ከተፍ አለች። ኢህአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ ስድስት ወር ሆኗት ነበር» ነው የምትለው። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ፣ ልክ ነች። ህዳር 13 ቀን 1983 ዓ.ም.። እስከ ግንቦት 20 ስድስት ወር ከአንድ ሳምንት።

ይሄ ሁሉ ግን ያለው እናቴ ጭንቅላት ውስጥ ነው። የተወለድኩት ደብረ ብርሃን፣ ቤት ውስጥ፣ በጎረቤት እጅ ነው። የሆስፒታል ወረቀት የለ፣ የክትባት ካርድ የለ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ያለ ልደት ካርድ ኖሬ አንድም ቀን አልጎደለብኝም። አሜሪካ ያለችው እህቴ ዜግነት አግኝታ ወደዚህ እንድትመጪ ማመልከቻ ላስገባልሽ እስክትል ድረስ ማለቴ ነው። እህትማማች መሆናችንን የሚያሳየው የሁለታችን የልደት ካርድ ነው፤ የሷ አለ፣ የኔ የለም።

መጀመሪያ ያሰብኩት ደብረ ብርሃን መሄድ ነበር። እዚያ አይደል የተወለድኩት? 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጠዋት ሄጄ ማታ እመለሳለሁ ብዬ ቦርሳዬን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ደግነቱ ከመሳፈሬ በፊት አዲስ አበባ የምኖርበት ወረዳ ጎራ ብዬ ጠየቅኩ። የወሳኝ ኩነት (ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት የሚመዘገብበት) መስኮት ላይ የነበረችው ልጅ መታወቂያዬን አየት አድርጋ «አንቺ እኮ የኛ ነዋሪ ነሽ፣ እዚሁ ነው የሚሠራልሽ» አለችኝ። መሄድ ይቅርና መደወልም አላስፈለገኝም።

እሷው ናት «ነባር» የምትባል ቃል ያስተማረችኝ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን ሁላችንም ነባር ነን። ልጄ ጤና ጣቢያ ሲወለድ የልደት ማሳወቂያ ሰጡን፣ 90 ቀን ሳይሞላው እኔና አባቱ መታወቂያችንን ይዘን ሄደን በአንድ ጠዋት ጨረስን። ነባር ሲሆን ግን መወለድሽን የሚመሰክር ሰው ይዘሽ ነይ ይባላል።

ከእኔ የተጠየቀው ማመልከቻ፣ የነዋሪነት መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የትምህርት ማስረጃና ሦስት ምስክር ነበር። የእናንተ ወረዳ ሌላ ሊጨምር ይችላልና አስቀድማችሁ የማስታወቂያ ሰሌዳውን አንብቡ። እኔ ሳላነብ ፎቶ ይዤ ሳልመጣ አንድ ቀን በላሁ። ሌላ ቀን ደግሞ ዓርብ ከቀኑ 5:40 ላይ ደረስኩ። ዓርብ የምሳ ሰዓት ከ5:30 እስከ 7:30 መሆኑን እያወቅኩ! በር ላይ ቆሜ በቆሎ ስበላ አንድ ጎረምሳ ጠጋ ብሎ «እህቴ፣ ጉዳይ ነው? ዛሬውኑ ላስጨርስልሽ» አለኝ። አይኔን ወደ በቆሎዬ መለስኩ። መዝገብ ላይ የሌለ ካርድ ገዝቼ ኤምባሲ ፊት መቆም አላማረኝም።

የምስክሮቹ ቀን ግን ለብቻው ይጻፍ የሚያሰኝ ነው። የእድራችንን ዳኛ፣ አንዲት ጎረቤታችንንና እናቴን ይዤ ሄድኩ። ልጅቷ ጋሼን «በስንት ዓመተ ምህረት ነው የተወለደችው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«እኔ ምኑን አውቄ ልጄ! እኛ ሰፈር ሲመጡ ዩኒፎርም ለብሳ ነው ያየኋት።»

ምድር ብትውጠኝ ምን ነበረበት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ምስክር ማለት የሚወዱኝ ሰዎች ይመስሉኝ ነበር። ስወለድ የሚያውቀኝን ሰው ነበር ማምጣት የነበረብኝ። አዲስ አበባ የገባች የእናቴ አክስት ልጅ ነበረች፣ በማግስቱ እሷን በጋሼ ቦታ ተካሁ። ገንፎውን ያገነፋችው እሷ ናት፣ ከእሷ በላይ ምስክር ከየት ይመጣል?

እናቴም ተራዋ ሲደርስ ከሚካኤል ንግሥ ጀመረች። «ማዘር፣ ቀኑን ብቻ ይንገሩኝ» አለቻት ልጅቷ። «እየነገርኩሽ አይደል እንዴ!» አለች እናቴ።

ሲስተም የለም የተባልንበትን ሁለት ቀን እዘለዋለሁ። በሦስተኛው ካርዱ ታትሞ ወጣ። አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ስላለው ተርጓሚ ቤት መሄድ የለም። ማህተሙ እስኪደርቅ እንኳ አልጠበቅኩም፣ በደስታ ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ላክኩላት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ደወለች።

«አንቺ፣ በ1991 ነው እንዴ የተወለድሽው?»

የአማርኛው ረድፍ ህዳር 13 ቀን 1983 ይላል። የእንግሊዝኛው ኖቬምበር 22፣ 1991። አንድ ዓመት አሳንሰውኛል። ነገሩ ቀላል ነው፣ ግን ብዙ ሰው ይሸወድበታል። ከመስከረም እስከ ታህሳስ 22 ገደማ የተወለደ ሰባት ይደምራል፤ የፈረንጆቹ ዓመት ከተለወጠ በኋላ እስከ ጳጉሜ የተወለደ ስምንት። የህዳር ልጅ ነኝና 1983 ሲደመር 7፣ 1990 ነው መሆን የነበረበት። ፓስፖርቴም የሚለው 1990 ነው።

በዚህ አላበቃም። የአባታችን ስም ካሳ ነው። በእህቴ ካርድም በኔ ፓስፖርትም በሁለት ኤስ ተጽፏል፣ አዲሱ ካርድ ላይ ባንድ ኤስ። ለእኛ ያው ካሳ ነው። ፋይላችንን ለሚያነበው ሰው ግን ሁለት አባት ናቸው።

ቢሮ ስመለስ ትንሽ ተጨቃጨቅን። «ፈርመሽ ነው እኮ የወሰድሽው» ተባልኩ፣ እውነትም ፈርሜያለሁ። ያተረፈኝ መዝገቡ ላይ ያለው የአማርኛው ቀን ትክክል መሆኑ ነው። የጽሕፈት ስህተት ነው ተብሎ፣ ማመልከቻ ጽፌ፣ የፓስፖርቴን ኮፒ አያይዤ በሳምንቱ ተስተካከለልኝ። «ዋናው ቀን ቢሆን ኖሮ ፍርድ ቤት ነበር የምትሄጂው» አለችኝ ልጅቷ።

በሁለተኛው ጊዜ ግን ብልጥ ሆኜ ነው የሄድኩት። ስሜን፣ የአባቴን፣ የአያቴንና የእናቴን ስም ፓስፖርትና መታወቂያ ላይ እንዳለው በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር ባንድ ወረቀት ጽፌ ኪቦርዱ አጠገብ አስቀመጥኩላት። ከመታተሙ በፊት ስክሪኑን አዙሪልኝ ብዬ ለመንኳት። አዞረችልኝ። ፊደል በፊደል፣ እንደ ቄስ ተማሪ በጣቴ እያስኬድኩ አነበብኩ። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ አጉረመረመ፣ ያጉረምርም።

ማታ ካርዱን ለእናቴ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ገልበጥ መለስ አድርጋ አየችው።

«ሚካኤልን የት ጋ ነው የጻፉት?»