ከተሬን የወሰደው ፖሊስ

ባለፈው ሳምንት የታናሽ ወንድሜ የዩኒቨርሲቲ ምደባ ወጣ። እማዬ ወዲያው ደወለችልኝ። እንኳን ደስ ያለን የለ፣ ምን የለ። «እዛ ጊቢ ፖሊስ አለ?» ነው ያለችኝ። ምን እንደሚማር አልጠየቀችም፣ ርቀቱን አልጠየቀችም። ፖሊስ።

አልፈርድባትም። በ2012 ዓ.ም በእኔ ምክንያት እንቅልፍ ያላየችባቸው ሌሊቶች አሉ።

ያኔ ሦስተኛ ዓመት አርክቴክቸር ነበርኩ። የጊቢዬን ስም አልጽፍም። እዛ አሁንም እንጀራቸውን የሚበሉ ሰዎች አሉ፤ ደግሞም ነገሩ የአንድ ጊቢ ብቻ አልነበረም። ጥቅምት 29 ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ተገደሉ። ወሬው እኛ ጋ በፌስቡክ ደረሰ፣ ተባዝቶ ተጋግሎ። ከዚያ በኋላ በየጊቢው ሻንጣውን እየጎተተ ወደ መናኸሪያ የሚወርደው ተማሪ በዛ። ዓመቱ ሲጀመር እኮ ከወላጆቻችን ጋር ውል ፈርመን ነው የገባነው። ረብሻ ውስጥ አንገባም ብለን። ወረቀት ግን ድንጋይ አይመልስም።

ዋናው በር ላይ አንድ ጥበቃ ነበሩ። «ጋሽ አይዲ» እንላቸዋለን። አይዲ ካላዩ እናታቸውንም አያስገቡም ይባላል። መሣሪያቸው ጫፏ በጎማ የተጠቀለለች አንዲት ቆመጥ ናት። ግን ሰው ያውቃሉ። እኔን «ባለ ቱቦዋ» ነው የሚሉኝ፣ ንድፍ የምይዝበትን ቱቦ ትከሻዬ ላይ ስለማንጠለጥል። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማን ሐዘን እንደደረሰበት፣ ማን ቅዳሜ ማታ ሞቅ ብሎት እንደሚገባ፣ ሁሉም እሳቸው ጋ አለ።

ኅዳር ላይ አንድ ማታ፣ ሦስት ሰዓት ግድም፣ ከወንዶቹ ብሎክ ጩኸት ተነሳ። መስታወት ሲረግፍ ይሰማል። አልጋ ጎትተን በራችንን ዘጋን። ስድስት ሴት፣ አንድ ክፍል፣ መብራት ጠፍቶ። አንዷ ትጸልያለች፣ አንዷ ትሳደባለች። እኔ ከካርቶን የሠራሁትን የሕንፃ ሞዴሌን አልጋ ሥር ደበቅሁ። የሦስት ሳምንት ሥራ ነው፣ ምን ላድርግ?

በመስኮት ስናይ ጋሽ አይዲ የብሎካችን ደጃፍ ላይ ቆመዋል። ፊታቸው አርባ የሚሆኑ ልጆች። ቆመጧን አላነሱም። ከፊት የነበረውን ልጅ በስሙ ጠሩት። «አባትህ ባለፈው ማር ይዘውልህ መጥተው እዚህ በር ላይ አብረን ሻይ አልጠጣንም? አሁን ቢደውሉልኝ ምን ልበላቸው?» አሉት። ልጁ ዝም አለ። ከኋላ የተወረወረ ድንጋይ የጣሪያውን ቆርቆሮ መታ። ትንሽ ተጉመተመቱ። ከዚያ አንድ ሁለት እያሉ ተበተኑ።

ታዲያ ጥበቃ ብቻ ይበቃን ነበር እያልኩ አይደለም። በዚያው ማታ ሁለት ብሎክ አልፎ የነበሩት ጥበቃዎች እግሬ አውጪኝ ብለዋል። ጭንቅላታቸው የተፈነከተ ልጆች ክሊኒክ አደሩ። ደግሞ ሰው በግልጽ የማያወራው ነገር አለ። ጥበቃዎቹ የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ተማሪው ከየአቅጣጫው ተመድቦ የመጣ ነው። ሰላም ሲሆን ይሄ ጌጥ ነው። ነገር ሲካረር ግን «ይሄ ጥበቃ የማን ወገን ነው?» መባባል ይመጣል። አንዳንዴ በከንቱ፣ አንዳንዴ በምክንያት። ከሌላ ቦታ የመጣ፣ ማንንም የማያውቅ ኃይል ይግባልን ያልነው ለዚህ ነው። ፊርማ ሲሰበሰብ እኔም ፈርሜያለሁ።

ፌደራሎቹ ገቡ። ያኔ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ገብተዋል። ሰማያዊ ዥንጉርጉር ልብስ፣ ትከሻ ላይ ክላሽ። በገቡበት ሌሊት ድብን ብዬ ተኛሁ። ይሄን ብክድ ግፍ ይሆንብኛል።

ከዚያ ፍተሻው መጣ። የወንዶቹ ሰልፍ ይሮጣል፤ የሴቶቹ ፈታሽ ግን አንዲት ብቻ ናት። አንዲት ፖሊስ ለዚያ ሁሉ ሴት። በሰልፍ ምክንያት ያመለጠኝ ክፍል ቁጥር የለውም። ከቤት የተላከልኝን በሶ ፌስታሉን ፈትታ በእስክሪብቶ አማሰለችው። እስክሪብቶዋን ጠረገችና «እለፊ» አለችኝ። እሷም ደክሟታል፣ ያስታውቃል።

ከተሬን ግን፣ የሞዴል ካርቶን የምቆርጥበትን ስለት፣ ወሰዱት። ያለ ከተር አርክቴክቸር መማር ያለ ቢላ ሽንኩርት መክተፍ ነው።

«ይሄ ስለት ነው» አለኝ ፖሊሱ።

«አዎ፣ ካርቶን ልቆርጥበት ነው።»

«ካርቶን በመቀስ ይቆረጣል።»

ወፍራም የሞዴል ካርቶን በመቀስ ቆርጦ የሚያውቅ ሰው ይፍረደኝ። ጋሽ አይዲ ቢሆኑ ቱቦዬን ዓይተው ነበር የሚያሳልፉኝ። እሳቸው ግን በሩ ላይ አልነበሩም። ፌደራሎቹ ሲገቡ ወደ ጀርባ ተዛውረው መጋዘን እንዲጠብቁ ተደርገዋል። ጊቢውን በሙሉ በቃሉ የሚያውቅ ሰው፣ የተሰበረ ወንበር ጠባቂ! ዲፓርትመንት ሄጄ ደብዳቤ አጻፍኩ። «ተማሪዋ ከተር ይዛ እንድትገባ ይፈቀድላት» የሚል፣ ማኅተም ያለው። እስካሁን ከዲግሪዬ ጋር አንድ ክላሰር ውስጥ ነው።

ንድፍ የምንሠራበት ስቱዲዮ ደግሞ የሌሊት ሥራ ነው። ከአራት ሰዓት በኋላ መንቀሳቀስ ክልክል ተባለ። በዚያ ሰሞን ሁሉ ከስቱዲዮ ስንወጣ ባትሪ ዓይናችን ላይ እያበሩ «ከየት ነው?» ይሉን ነበር። አንደኛው ግን ከእኛ በሁለት ሦስት ዓመት ቢበልጥ ነው። ቀስ በቀስ ስቱዲዮው በር ላይ መቀመጥ ጀመረ። አንድ ማታ ገባና ሞዴሌን ዞሮ ዞሮ አየው።

«ይሄ ቤት የማን ነው?»

«የማንም አይደለም። የመሰብሰቢያ አዳራሽ ነው፣ ለማርክ የምንሠራው።»

ጎንበስ ብሎ አየና፣ «በሩ አንድ ብቻ ነው፤ ያውም ጠባብ። ሰው ቢደናገጥ በየት ይወጣል?» አለኝ።

ሳቅሁበት። ሥራችን በሚገመገምበት ጁሪ ላይ መምህሬ ቃል በቃል ያንኑ አለኝና ማርኬን ቆረጠ። አሁን የማንኛውንም ቤት ንድፍ ስጀምር መጀመሪያ የማስበው መውጫውን ነው። ያንን ልጅ አመስግኜው አላውቅም።

ከዚያ በኋላ እስከ ዶርም ይሸኘን ነበር። ማን መቼ ስቱዲዮ እንደሚያመሽ አወቀ። ከወንዶቹ ጋር ኳስ ተጫወተ። በቃ፣ የጊቢው ሰው ሆነ። ጥር ላይ የእነሱ ቡድን ተቀየረ። አዲሶቹ በገቡ ማግስት በር ላይ ከተሬ እንደገና ተወሰደ። ደብዳቤው ዶርም ነበር። መጋቢት ላይ ኮሮና መጣና ሁላችንም ወደየቤታችን ተበተንን።

ሰው «ለካምፓስ በልዩ ሁኔታ የሠለጠነ ፖሊስ ያስፈልጋል» ሲል ስሰማ ያ ልጅ ትዝ ይለኛል። ሥልጠናው ምን ላይ ነው? አድማ መበተን ከሆነ እሱን ድሮም ይችሉበታል። የፈተና ሳምንት ተማሪ ሌሊት ለምን እንደሚዞር፣ አንዲት ልጅ በር ላይ ስታለቅስ ወዴት እንደምትላክ፣ ሁለት ልጆች ሲጣሉ ጠቡ የሁለት ልጆች ሆኖ እንዲቀር ምን እንደሚደረግ የሚያስተምር ከሆነ እኔም ደጋፊ ነኝ። ግን በሁለት ወር የሚቀየር ሰው ይሄንን የት ያውለዋል? ሦስት አራት ዓመት ይመደብ። ሴት ፖሊስ ለሴት ሰልፍ የሚበቃ ይኑር። ክላሹ በር ላይ ይቅር። የመጀመሪያውን ወር ደግሞ ጋሽ አይዲ አጠገብ ቁጭ ይበል።

አጎቴ ይሄን ሁሉ ስነግረው ይስቅብኛል። እሱ በ1993 ዓ.ም ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ተማሪ ነበር። ያኔ ተማሪው በሚያዝያ ወር አድማ ሲመታ ከጥያቄዎቹ አንዱ የታጠቀው ፖሊስ ከጊቢ ይውጣልን የሚል ነበር። ጋዜጣችን ይታተም፣ ማኅበራችን ነጻ ይሁን የሚሉም ነበሩ። በከተማው ከ30 በላይ ሰው ሞተ፣ በሺዎች ታሰሩ። «እኛ ይውጣልን ብለን ተደበደብን፣ እናንተ ይግባልን ብላችሁ ፈረማችሁ» ይለኛል። እሱ ሲማር ደግሞ የቀድሞዎቹ የጥላሁን ግዛውን ነገር ይነግሯቸው ነበር። ታኅሣሥ 1962 የተማሪዎቹ መሪ ተገደለ፤ በማግስቱ አስከሬኑን ይዘው የነበሩት ተማሪዎች ላይ የንጉሡ ክቡር ዘበኛ እዚያው ጊቢ ተኮሰ። አጎቴ በዚህ ምክንያት ስለ ሥልጠና መስማት አይፈልግም። የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ «ፖሊሱ የሚታዘዘው ማንን ነው?» ለዚህ መልስ የለኝም። ከዩኒቨርሲቲው ውጪ ሆኖ ስልክ የሚደውልለት ሰው ካለ፣ የፈለገውን ያህል ቢሠለጥን የዚያ ሰው ፖሊስ ነው።

ቨርጂኒያ የምትማር ጓደኛ አለችኝ። የእሷ ዩኒቨርሲቲ የራሱ ፖሊስ አለው። ሲገቡ ጊዜ ፖሊሶቹ ራሳቸው መጥተው ተዋወቋቸው። እኔን ያስቀናኝ ግን ሌላ ነው። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ሕግ አላቸው። አንዲት ተማሪ ዶርሟ ውስጥ ተገድላ፣ ወላጆቿ ታግለው ያስወጡት ነው። ዩኒቨርሲቲው ጊቢው ውስጥ የተፈጸመውን ወንጀል በየዓመቱ ቆጥሮ ማሳተም አለበት። እማዬ ያንን የመሰለ ወረቀት ብታገኝ እኔ ጋ አትደውልም ነበር።

«አለ» አልኳት።

«ተመስገን» አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ «ጥሩ ሰዎች ናቸው?» አለችኝ።

ቅዳሜ ሻንጣውን አብረን አዘጋጀን። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሁለት አንሶላ። የጎን ኪሱ ውስጥ እማዬ ጥፍር መቁረጫ ከትታለት አገኘሁ። አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ወንድሜ «ለምን?» አለኝ። «እዛው ትገዛለህ» አልኩት።