ሞምባሳን ከቢቹ ውጪ እንዴት እንዳየኋት

የኬንያዋ ሞምባሳ ሄጄ ነበር የሚላችሁን ሰው እስቲ ፎቶ አሳየኝ በሉት፣ ነጭ አሸዋና የሆቴል ፑል ነው የሚያወጣላችሁ። እሱ ዲያኒ ቢች ነው ወይ ኒያሊ ቢች። ከተማዋ ራሷ ያለችው ደሴት ላይ ነው፣ አብዛኛው ቱሪስት ደግሞ በጎኗ አልፎ ወይ አቋርጧት ቀጥታ ወደ ሪዞርቱ ይሄዳል። እኔ ገልብጬ ነው የሰራሁት፣ ማረፊያዬን ደሴቱ ላይ ኦልድ ታውን (አሮጌው ከተማ) አጠገብ ያዝኩና ዲያኒን ለመጨረሻ አስቀመጥኩት።

ከናይሮቢ የሄድኩት በማዳራካ ኤክስፕረስ ነው፣ በ2017 ስራ የጀመረው ባቡር (ዓመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምፅፈው)። ፃቮ ፓርክን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ መስኮት ዳር ከደረሳችሁ ዝሆን ልታዩ ትችላላችሁ፣ ቲኬቱን ግን ቀደም ብላችሁ ቁረጡ። የሚያወርዳችሁ ሚሪቲኒ ነው፣ ከደሴቱ ውጪ፣ ከዛ በማታቱ (የነሱ ሚኒባስ) ወይ በታክሲ ትገባላችሁ።

ፎርት ጂሰስ በጠዋት ሲከፈት ግቡ፣ ከረፋዱ በኋላ ጥላ ፍለጋ ነው የምትውሉት። ምሽጉን ፖርቹጋሎች ከ1593 እስከ 1596 ነው የሰሩት፣ ንድፉን ያወጣው ጣሊያናዊው ጆቫኒ ባቲስታ ካይራቲ ነው፣ በ2011 ዩኔስኮ መዝግቦታል። ግን እኔን ያቆመኝ ግድግዳው አይደለም፣ ውስጥ ሙዚየሙ ጋ ፖርቹጋሎቹ በከሰልና በቀይ አፈር የሞነጫጨሩት ስዕል አለ፣ መርከብ በመርከብ ላይ፣ አሳ፣ ሰው፣ የተደራረበ፣ ሰዓት አልገፋ ያለው ወታደር እጅ መሆኑ ያስታውቃል። ያንን አይታችሁ የከበባውን ታሪክ ስትሰሙት ሌላ ነው። ኦማኖች በ1696 ከበቡት፣ እስከ 1698 መጨረሻ ድረስ አልለቀቁትም፣ ውስጥ የነበረውን ሰው ከጥይቱ ይልቅ በሽታው ነው የጨረሰው። በመሃል ለእርዳታ የመጣችው ሳንቶ አንቶኒዮ ደ ታና የምትባል መርከብ 1697 ላይ እዛው ምሽጉ ፊት ለፊት ሰመጠች፣ ከሷ የወጡት እቃዎች አሁን ሙዚየሙ ውስጥ ናቸው። እንግሊዞች ደግሞ በኋላ መጥተው እስከ 1958 እስር ቤት አደረጉት።

በነገራችን ላይ ቫስኮ ዳ ጋማ ሞምባሳ የደረሰው በ1498 ነው፣ በ1541 በምፅዋ በኩል ገብቶ ከኢማም አህመድ ጋር ተዋግቶ፣ ተማርኮ የተገደለው ክሪስቶቮ ዳ ጋማ የሱ ልጅ ነው። በትምህርት ቤት ሁለቱን ለየብቻ ስለተማርናቸው ነው መሰለኝ እዛ ቆሜ ነው በደንብ የገባኝ።

ኦልድ ታውንን በእግር ነው፣ ሌላ መንገድ የለውም። በር ላይ አስጎብኚ ነን የሚሉ ይከቧችኋል፣ አንዱን መያዝ ጥሩ ነው፣ ግን ሂሳቡንና ስንት ሰዓት እንደሚያዞራችሁ እግር ሳታነሱ ተነጋገሩ። ንዲያ ኩኡ የሚባለውን መንገድ ይዛችሁ ስትሄዱ በሮቹን ጠጋ ብላችሁ እዩ፣ እንጨቱ ላይ አበባና ሀረግ ተፈልፍሎበታል፣ አንዳንዱ የነሐስ ጉጥ አለው። በ1570 የተሰራው የማንድሪ መስጊድም እዛው ነው። ሰፈሩ ሰው የሚኖርበት የሙስሊም ሰፈር ነው፣ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ፣ ሰው ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ከቀትር እስከ አስር ሰዓት ገደማ ሙቀቱም ስለማያስቀምጥ ግቡና ተኙ፣ ሰፈሩ የሚነቃው ማምሻውን ነው። ያኔ በነሐስ ጀበና ከስሩ ከሰል ያለው ቡና የሚሸጡ ታገኛላችሁ፣ ዝንጅብል አለው፣ ስኳር የለውም፣ ሲኒው ከኛም ያንሳል። እኔ ከጠበኩት በላይ ወደድኩት።

ሰዓት ላይ ደስ ይላችኋል። በስዋሂሊ ሲቆጥሩ ልክ እንደኛ ነው፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሉ አንድ ሰዓት ነው። ችግሩ ያው ሰውዬ በእንግሊዝኛ ሲያወራችሁ በፈረንጁ ይቆጥራል፣ ስለዚህ ከቱክቱክ (ባጃጅ) ሹፌር ጋር ስትቀጣጠሩ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ልብ በሉ።

ወደ ዲያኒ መሻገሪያው የሊኮኒ ፌሪ ነው፣ ለእግረኛ ነፃ ነው። ስራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ላይ ግን ሰዉ ጎርፍ ነው፣ ቦርሳ ወደፊት፣ ስልክ ኪስ ውስጥ። ሳትሻገሩ በፊት እዛው አጠገብ ማማ ንጊና ባህር ዳር ላይ ጊዜ ስጡ፣ ትልልቅ ባኦባብ ዛፎች አሉ፣ አመሻሽ ላይ የከተማው ሰው ቤተሰቡን ይዞ ይወጣል፣ የተጠበሰ ካሳቫ በሚጥሚጣና በሎሚ ይሸጣል። ዲያኒም ሄጄ ዋኝቻለሁ፣ ቆንጆ ነው፣ አሸዋው ምንም አይወጣለትም፣ ግን በሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ ተመልሼ ደሴቱ ላይ ነበርኩ። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ዝናቡ ከባድ ስለሆነ እነሱን ወራት ዝለሏቸው።