«ገባችሁ?»

ሐሙስ ማታ።

ዛሬ በ3ኛው ክፍለ ጊዜ፣ በዕድሜም በአገልግሎትም የሚበልጡኝ አንዲት የሒሳብ መምህርት ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ሳስተምር ተከታተሉኝ። ልምድ መለዋወጥ የምንለው ነው፤ ብዙውን ጊዜ ቅጹ ተሞልቶ፣ «ጥሩ ነው» ተብሎ፣ ሻይ ተጠጥቶበት ያልቃል። እሳቸው ግን ቅጹን ሳይሞሉ መለሱልኝና በጀርባው ላይ በእስክሪብቶ የጫሯቸውን ጭረቶች አሳዩኝ። «19 ጊዜ ‹ገባችሁ?› ብለሃል» አሉኝ። «መልሱን ግን አንድም ጊዜ አልጠበቅህም።»

መምህርነት ስንሠለጥን ተግባቦትን ባለአንድ አቅጣጫና ባለሁለት አቅጣጫ፣ በቃልና ከቃል ውጭ፣ በንግግርና በጽሑፍ እያልን ከፋፍለን ለፈተና ሸምድደናል። በዚያ አከፋፈል እኔ ጥያቄ የምጠይቅ መምህር ስለሆንኩ ራሴን ያለ ጥርጥር ከባለሁለት አቅጣጫዎቹ ወገን ስቆጥር ኖሬያለሁ። የዛሬዎቹ ጭረቶች ይህን ግምቴን አፈረሱት፤ ያስታወሱኝም ፕላዝማውን ነው።

በ1997 ዓ.ም. 9ኛ ክፍል ስገባ ከመምህሩ ጎን ግድግዳው ላይ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ ጠበቀን። በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት የሚሰራጨው ትምህርት በእንግሊዝኛ ነበር፤ የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ደቂቃ ይወስድና ለመምህራችን መግቢያና መዝጊያ የምትሆን ጥቂት ደቂቃ ይተውለታል። የሥዕሉን ጥራትና ቤተ ሙከራ ያልነበረው ትምህርት ቤታችን ሊያሳየን ያልቻለውን ሙከራ ማሳየቱን አልክድም፤ ከዚያ በፊት አሲድና ቤዝ ሲቀላቀሉ አይቼ አላውቅም ነበር። ነገር ግን በስክሪኑ ውስጥ ያለችው መምህርት ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ጥቂት ሰከንድ ፈገግ ብላ ትጠብቃለች፣ ከዚያም እኛ ገና የጥያቄውን እንግሊዝኛ እየፈታን ሳለ «ቬሪ ጉድ!» ብላን ታልፋለች። ማንን እንደምታመሰግን አናውቅም ነበር። መብራት ሲጠፋ የምንፈነድቀው ስንፍና ብቻ አልነበረም፤ መምህራችን ጠመኔውን አንስቶ «የቱ ጋ ነበርን?» ሲለን፣ ቢያንስ «ቆይ፣ አልገባኝም» ሊባል የሚችል ሰው ስላገኘን ነው።

እንግዲህ በተግባቦት ዓይነቶች መካከል ያለው ዋና ልዩነት ለእኔ እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ ንግግሩን ማን ሊያስቆመው ይችላል? ቋንቋችን ይህን ቀድሞ የነገረን ነው። «መግባባት» ከ«ገባ» ተወልዶ የእርስ በርስ ትርጉም የያዘ ግስ ነው፤ «ነገርኩ» ወይም «አስረዳሁ» ለብቻ ይባላል፣ «ተግባባሁ» ያለ ግን ከማን ጋር እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። በዚህ ሚዛን እኔም በሥጋ የቆምኩ ፕላዝማ ነበርኩ፤ «ገባችሁ?» የእኔ «ቬሪ ጉድ» ነው።

አጎቴ በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት ነበሩ። ከዚያ በፊት የነበሩበትን ንባብ ቤት ሲያስታውሱ ዱላውንና እየደጋገሙ በቃል መያዙን ነው የሚያወሩት፤ ስለዚህ የጥንቱ ሁሉ የተሻለ ነበር አልልም። ቅኔ ቤቱ ግን ሌላ ነው። መምህሩ ቅኔ ይዘርፋሉ፣ ሰሙንና ወርቁን ይፈታሉ፤ ተማሪው ከዚያ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቅኔ ለመቁጠር፣ ማለትም ለመድረስ፣ ለብቻው ዛፍ ሥር ይቀመጣል፣ ተመልሶም ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ያርሙለታል። ተማሪው ካልተናገረ መምህሩ የሚያርሙት ነገር የለም፤ ስለዚህ የተማሪው ንግግር ለተሳትፎ ተብሎ የተጨመረ ማጣፈጫ ሳይሆን የትምህርቱ አካል ነው።

ስለ ጽሑፍ የተማርኩት ደግሞ ከቴሌግራም ነው። መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ለተማሪዎቼ ቡድን ከፍቼ ነበር። በቡድኑ ውስጥ ከ«እሺ ቲቸር» በቀር የሚጻፍ አልነበረም፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ግን በግል መልእክት ጥያቄው ይጎርፍልኝ ነበር፣ ያውም ክፍል ውስጥ ድምፃቸውን ሰምቼ ከማላውቃቸው ልጆች። የሚጽፍ ሰው ሰርዞ እንደገና መጻፍ ይችላል፣ የሚስቅበት ጓደኛም አጠገቡ የለም። ስልክ የሌላቸው ልጆች ግን እዚያም አልነበሩም፤ የእነሱ ዝምታ በየትኛው ዓይነት እንደሚመደብ የሠለጠንኩበት መጽሐፍ አልነገረኝም።

ከቃል ውጭ ስለሚባለውም ራሴን መታዘብ አለብኝ። የእኛ ተማሪ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ «እህ» ሲል እሺታ ነው፤ ዓይኑን ወደ መሬት ሲሰብር አክብሮት ነው እንጂ አለመረዳት ላይሆን ይችላል። ሁለቱም ስለ ትምህርቱ የሚነግሩኝ ነገር የለም፤ የሚነግሩኝ ስለ ልጁ አስተዳደግ ነው። እኔ ግን ለዓመታት ሁለቱንም «ገብቶታል» ብዬ ሳነባ ኖሬያለሁ።

በ6ኛው ክፍለ ጊዜ፣ ከምሳ በኋላ፣ ኳድራቲክ ኢኩዌሽን ሠርቼ ጨረስኩና «ገባችሁ?» ልል ስል አፌን ያዝኩ። «የቱ መስመር ላይ ጠፋችሁ?» ብዬ ጠመኔውን አስቀመጥኩ፣ በልቤም መቁጠር ጀመርኩ። አንዱ ሳለ፣ ሌላው ወንበር ጎተተ። 30 ልደርስ ስል ከመስኮቱ አጠገብ ያለው ልጅ ተነሥቶ፣ «ቲቸር፣ ቁጥሩ ወደዚያ ማዶ ሲሻገር ምልክቱ ለምን ይቀየራል?» አለኝ። የታችኛው ክፍል ትምህርት ነው። ዞር ስል ግማሹ ክፍል ደብተሩን ገልጦ መልሱን እየጠበቀ ነበር።